ዳኛም ይሳሳታል፣ ተጫዋችም ይደክማል

(በነስ ጺዮና በተደረገ የማኅበራችን የወላጆችና የወጣቶች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሔታችን አንባብያን እንዲመች ሆኖ ተስተካክሏል።)



በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ቋንቋ መናገር የተለመደ ነው። ዛሬ ስለ እግር ኳስ እናገራለሁ ስላችሁ «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የምትሉ አትጠፉም። ቁም ነገር አለው። በማትናሱ ደጃፍም ሆነ በየሳሎናችን፣ ከሰንበት መውጫ በኋላ ቡና ሲፈላ፣ አባትና ልጅ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚከራከሩት አብዛኛውን ጊዜ በኳስ ነው። ክርክሩን ላዳመጠው ደግሞ ሁለት ጥያቄዎች ይመላለሳሉ። አንደኛው «ዳኛው በቪዲዮ አይቶ የወሰነው ልክ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ተጫዋቾቹ ለምን እንዲህ ደከሙ? ገንዘብ ስለበዛላቸው ሰነፉ ወይስ በእርግጥ ጉልበታቸው አለቀ?» የሚለው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱ ጥያቄዎች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ ስለ ልጆቻችን የሚነግሩን ነገር አላቸው። በጽሑፉ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቪዲዮ ዳኝነት ምንድን ነው?

ብዙው ጠብ የሚነሣው ሕጉን ካለማወቅ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። በተለምዶ «ቫር» የምንለው የቪዲዮ ረዳት ዳኛ ማለት ነው። የእግር ኳስን ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ ለሁለት ዓመት ያህል ካስሞከረው በኋላ በመጋቢት 2018 በሕጉ ውስጥ አስገባው፤ በዚያው ዓመት በሩሲያ በተደረገው የዓለም ዋንጫም ሥራ ላይ ዋለ። ሰኔ 16 ቀን 2018 ፈረንሳይ ከአውስትራሊያ ስትጫወት የመጀመሪያው የቪዲዮ ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ ያስቆጠረውም ግሪዝማን ነበር።

ሕጉ ሲወጣ ቪዲዮ የሚታየው ለአራት ነገሮች ብቻ ነው ተብሎ ተወሰነ። እነዚህም ጎል፣ ፍፁም ቅጣት ምት፣ ቀጥተኛ ቀይ ካርድና ካርድ ለተሳሳተ ሰው ሲሰጥ ናቸው። በነዚህም ቢሆን የቪዲዮ ረዳቱ ጣልቃ የሚገባው ስሕተቱ ግልጽና የማያጠራጥር ሲሆን፣ ወይም ዳኛው ትልቅ ነገር ሳያይ ሲቀር ነው። «እኔ ብሆን በሌላ መንገድ እወስን ነበር» ማለት ጣልቃ ለመግባት በቂ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው በክፍል ውስጥ ስክሪን ፊት የተቀመጠው ሰው አይደለም፤ ፊሽካውን የያዘው የሜዳው ዳኛ ነው። ቫር ምስክር ነው እንጂ ፈራጅ አይደለም። ይህን አንድ ነገር ብንይዝ ከክርክራችን ግማሹ ይቀላል።

በኦሪታችን አንድ ሰው በአንድ ምስክር ብቻ አይፈረድበትም። አባቶቻችን በየመንደሩ ለሽምግልና ሲቀመጡም ምስክር ይጠሩ ነበር፤ ውሳኔው ግን የሽማግሌዎቹ ነበር። የቪዲዮውም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

ለምን አስፈለገ?

በዕድሜ የገፋን ሰዎች እንደምናስታውሰው ሰኔ 22 ቀን 1986 በሜክሲኮ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ በተሰበሰበበት ስታዲየም ማራዶና ኳሷን በእጁ መትቶ እንግሊዝ ላይ አገባ። ቱኒዚያዊው ዳኛ ዓሊ ቢን ናስር አላዩም፤ የመስመር ዳኛውም ባንዲራውን አላነሣም። ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን የሚያየው ሰው በድጋሚ ሲታይ አወቀ፤ ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ብቻ ሳያውቅ ቀረ። ሰኔ 27 ቀን 2010 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ እንግሊዛዊው ላምፓርድ ጀርመን ላይ የመታት ኳስ አግዳሚውን መትታ መስመሩን በግልጽ ካለፈች በኋላ ተመልሳ ወጣች፤ ጎሉም ሳይጸድቅ ቀረ። ከዚያ በኋላ ነበር ኳስ የጎል መስመር ማለፏን የሚያሳውቀው መሣሪያ በ2012 የተፈቀደው።

እኛም የራሳችን አለን። ጥቅምት 13 ቀን 2013 ኢትዮጵያ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ በአዲስ አበባ ከናይጄሪያ ጋር ስትጫወት ያልተከፋ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ሳላዲን ሰይድ ወደ ጎል የላካት ኳስ መስመሩን አልፋለች ተብሎ ሕዝቡ ሲጮኽ ዳኞቹ ጎል አይደለም አሉ። በኋላ በኃይሉ አሰፋ ቢያስቆጥርም ኢማኑኤል ኢመኒኬ ሁለት አገባብን፤ ሁለተኛው በጨዋታው መጨረሻ ላይ በፍፁም ቅጣት ምት የተገኘ ነበር። በካላባር በተደረገው የመልስ ጨዋታ ደግሞ 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ ተስፋችንም በዚያው አበቃ። ያቺ ኳስ ጎል ተብላ ብትመዘገብ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ነገር ግን እንዲህ ያለው «ቢሆን ኖሮ» በሰው ልብ ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል። መሸነፍን ሰው ይረሳዋል፤ ተበድያለሁ ብሎ ማመን ግን ቶሎ አይለቅም። የቪዲዮ ዳኝነት የመጣው ይህን ቁርሾ ለመቀነስ ነው።

መሣሪያው ቢኖርም ሰው ካልተስተካከለ

ታዲያ ቪዲዮው ከመጣ ጠቡ ለምን አልቀረም? ሁለት ታሪኮችን ልንገራችሁ።

ግንቦት 31 ቀን 2019 በቱኒዚያ ራደስ ከተማ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የመጨረሻ ጨዋታ ተደረገ። የቱኒዚያው ኤስፔራንስና የሞሮኮው ዊዳድ በመጀመሪያው ጨዋታ 1 ለ 1 ተለያይተው ነበር፤ በዚህኛው ኤስፔራንስ 1 ለ 0 ይመራል። ዊዳድ አቻ የሚያደርገውን ጎል አገባ፤ ዳኛው ግን ሻረው። የዊዳድ ተጫዋቾች «ቪዲዮው ይታይ» ሲሉ መሣሪያው እንደማይሠራ ተነገራቸው። እነርሱም አንጫወትም አሉ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ከተጠበቀ በኋላ ጨዋታው ተቋረጠ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መጀመሪያ ጨዋታው በገለልተኛ ሜዳ ይደገም አለ፤ ጉዳዩ ወደ ስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ሄዶ ያ ውሳኔ ተሻረ፤ በመጨረሻም ዋንጫው ለኤስፔራንስ ጸና። እዚህ ላይ ጥፋቱ የካሜራው ብቻ አልነበረም። የማይሠራ ምስክር ይዞ ችሎት መቀመጥ፣ ያንንም ለተሟጋቾቹ በግልጽ አለማሳወቅ ነው ነገሩን ያባባሰው።

ሁለተኛው መስከረም 30 ቀን 2023 በለንደን የሆነው ነው። ቶተንሃምና ሊቨርፑል ገና 0 ለ 0 ሳሉ ሉዊስ ዲያዝ አገባ፤ የመስመር ዳኛው ከጨዋታ ውጪ ነው ብሎ ባንዲራውን አነሣ። ቪዲዮው ታየ፤ መሣሪያው ዲያዝ ከጨዋታ ውጪ እንዳልነበረ በትክክል አሳየ። በስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ግን የሜዳው ውሳኔ «ጎል ነው» የሚል መስሎት ስለነበር «ምርመራው አልቋል፣ ትክክል ነው» ብሎ አለፈ። ሜዳ ላይ ያሉት ደግሞ «ጎሉ አይጸድቅም» ማለቱ መሰላቸው። ጨዋታው ስለተጀመረ ሕጉ ወደ ኋላ መመለስን አልፈቀደም። ሊቨርፑል በመጨረሻ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ የዳኞቹ መሥሪያ ቤትም ከባድ የሰው ስሕተት መፈጸሙን አመነ። እንግዲህ መሣሪያው እውነቱን ተናገረ፤ ሰዎቹ ግን ቸኩለው አልተደማመጡም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይህ ነው፤ እነርሱ እንኳ መልቀምም አልቻሉም።

በዚህ የተነሣ አንዳንዶች ነገሩ ይቅርብን ብለዋል። በስዊድን የክለቦች አብዛኛው ድርሻ የደጋፊዎች ስለሆነ ደጋፊዎቹ ተቃውመው በ2024 ቫር እንዳይገባ አድርገዋል። በኖርዌይም በዚያው ዓመት ደጋፊዎች ለተቃውሞ የዓሣ ጥብስ ሜዳ ላይ እየወረወሩ ጨዋታ አስቁመዋል። በእንግሊዝ ደግሞ አንድ ክለብ ይቅር ብሎ ሐሳብ ቢያቀርብም በሰኔ 2024 በተሰጠው ድምፅ 19 ክለቦች ይቀጥል ብለዋል። ይቅር የሚሉት ሰዎች ክርክር ባዶ አይደለም። ጎል ገብቶ ሰው ተቃቅፎ ከጨፈረ በኋላ ሦስትና አራት ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ ደስታን ያቀዘቅዛል። ስታዲየም ያለው ሰው ምን እየታየ እንደሆነ ሳያውቅ ተቀምጦ ይጠብቃል። በ2023ቱ የሴቶች የዓለም ዋንጫ ዳኛዋ ወይም ዳኛው ውሳኔውን በድምፅ ማጉያ ለሕዝቡ እንዲያስረዳ መደረጉ ለዚህ ጥሩ መልስ ነው። ምክንያቱ በይፋ የተነገረ ፍርድ ባይጣፍጥም ይዋጣል።

ሁለት ጊዜ የተመለሰው ኢትዮጵያዊ ዳኛ

አሁን ወጣቶቻችን እንዲያውቁት የምፈልገውን ታሪክ ልናገር። ኢትዮጵያዊው ዳኛ ባምላክ ተሰማ ለ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ጥቂት አፍሪካውያን ዳኞች አንዱ ነበር። የካቲት 2 ቀን 2022 በያውንዴ ሴኔጋልና ቡርኪና ፋሶ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ለማለፍ ሲጋጠሙ ጨዋታውን የመራው እርሱ ነበር። ከዕረፍት በፊት የቡርኪና ፋሶው በረኛ ኳስ ለማውጣት ዘሎ ከሴኔጋሉ ተጫዋች ጋር ሲጋጭ ባምላክ ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠ። ቪዲዮው ሲታይ በረኛው ኳሷን ቀድሞ መትቷል፤ ውሳኔውን ሻረ። ትንሽ ቆይቶ ኳስ በተከላካዩ እጅ ተነክታለች ብሎ ለሴኔጋል ሁለተኛ ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠ። እንደገና ታየ፤ ይህንንም ሻረ። ጨዋታው ቀጥሎ ሴኔጋል 3 ለ 1 አሸነፈች፤ በኋላም ዋንጫውን ወሰደች።

ያን ቀን ብዙ ሰው «ሁለት ጊዜ ተሳሳተ» ብሎ ሲስቅበት ሰምቻለሁ። እኔ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን አየዋለሁ። አንድ ሰው በአህጉሩ ሁሉ ፊት ፊሽካ ነፍቶ የፈረደውን ፍርድ ወዲያውኑ «አይደለም፣ ተሳስቼ ነበር» ብሎ መሻር ቀላል ነገር ነውን? ያውም በአንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ? ሁለተኛው ላይ ይሉኝታ ይዞት «አሁንስ ብመለስ ምን ይሉኛል» ቢል ኖሮ ቡርኪና ፋሶ በግፍ ጎል ይቆጠርባት ነበር። በእኛ ባህል አንድ ጊዜ ከአፍ የወጣን ቃል መመለስ እንደ ውርደት ይታያል። አባት ልጁን ያለ ጥፋቱ ቢቀጣ፣ በኋላም እውነቱን ቢያውቅ እንኳ «ተሳስቻለሁ» ለማለት ይከብደዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን፤ እውነቱ ሲጠራ ግን አብረን መጥራት ይኖርብናል።

ለእኛ ካሜራ ሌላም ትርጉም አለው

ይህን ጉዳይ በኳስ ብቻ ላቆመው አልችልም። ሚያዝያ 26 ቀን 2015 በሖሎን ከተማ የእኛው ልጅ፣ የደንብ ልብስ የለበሰው ወታደር ዳማስ ፓካዳ፣ በፖሊሶች ተደበደበ። መጀመሪያ የታሰረው እርሱ ነበር፤ ፖሊስ አጥቅተሃል ተባለ። በአካባቢው የነበረው የጥበቃ ካሜራ የቀረጸው ሲወጣ ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ የተደረጉት ታላላቅ ሰልፎች የተቀሰቀሱት ከዚህ በኋላ ነው። ካሜራው ባይኖር ኖሮ ቃሉን ማን ይሰማው ነበር? «እንዲህ ሆነብኝ» ብለው ያልታመኑ ስንት ልጆች አሉን?

ሆኖም ካሜራው ሁሉንም አልጨረሰውም። ቪዲዮው በአገር ሁሉ ከታየ በኋላም በፖሊሱ ላይ የነበረው የወንጀል ፋይል በዚያው ዓመት ያለ ክስ ተዘጋ። ስለዚህ በሜዳም ሆነ በመንገድ ትምህርቱ አንድ ነው። ካሜራ እውነትን ያሳያል እንጂ ፍርድን አይሰጥም፤ ፍርድ የሚሰጠው ሰው ነው፤ ስለ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከኳስ ክርክር ልጆቻችን ይህን ቢማሩ ጊዜያቸው በከንቱ አልጠፋም።

የድካም ነገር

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። አባቶች «እኛ ስናድግ በባዶ እግራችን ቀኑን ሙሉ እንጫወት ነበር፤ የዛሬዎቹ በሚሊዮን እየተከፈላቸው ደከመን ይላሉ» ትላላችሁ። እስቲ በቁጥር እንየው።

ጥር 21 ቀን 1962 ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ግብጽን (ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ነው። ግርማ ተክሌ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ሉቻኖና ኢታሎ ቫሳሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ አገቡ። እነዚያ ጀግኖች 120 ደቂቃ ሮጠው አሸነፉ፤ ክብር ይገባቸዋል። የዓለም ዋንጫ እንኳ ተቀያሪ የፈቀደው ከስምንት ዓመት በኋላ በ1970 ነበርና የዚያ ዘመን ተጫዋች ትከሻው ሰፊ ነበር። ነገር ግን በዚያ ውድድር የነበሩት ቡድኖች አራት ብቻ ናቸው፤ ኢትዮጵያ ዋንጫውን ለመውሰድ የተጫወተችው ሁለት ጨዋታ ነው።

አሁን ከዚህ ጋር አስተያዩት። የባርሴሎናው ፔድሪ ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ በ2020 እና በ2021 መካከል በነበረው አንድ የውድድር ዘመን ለክለቡ፣ ለአውሮፓ ዋንጫና ለቶኪዮ ኦሊምፒክ 73 ጨዋታ ተጫወተ። ከዚያ በኋላ የታፋው ጡንቻ ደጋግሞ እየተጎዳ ለረጅም ጊዜ ከሜዳ ራቀ። የማንቸስተር ሲቲው ሮድሪ በአንድ ዘመን ከ60 በላይ ጨዋታ ካደረገ በኋላ በመስከረም 2024 አጋማሽ «ተጫዋቾች ሥራ ለማቆም ተቃርበናል፤ ሰው በሙሉ አቅሙ ሊጫወት የሚችለው ከ40 እስከ 50 ጨዋታ ነው» የሚል ሐሳብ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ከአምስት ቀን በኋላ ከአርሰናል ጋር ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። አንድ ጉዳት በድካም ብቻ ነው የመጣው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ሰውየው የተናገረው ነገር እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

ጨዋታውም እየበዛ ነው የሄደው። የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ከ2024 ጀምሮ 36 ክለቦች ሆነው እያንዳንዱ በመጀመሪያው ዙር ከስድስት ይልቅ ስምንት ጨዋታ እንዲያደርግ ተወሰነ። በ2025 ክረምት፣ ተጫዋቾች ያርፉበት በነበረው ጊዜ፣ 32 ክለቦች የተካፈሉበት የክለቦች የዓለም ዋንጫ በአሜሪካ ተደረገ። ለ2026 የዓለም ዋንጫም ቡድኖቹ ከ32 ወደ 48፣ ጨዋታዎቹም ከ64 ወደ 104 ከፍ እንዲሉ ተደርጓል። የተጫዋቾች ማኅበር በአውሮፓ ከሊጎች ጋር ሆኖ በጥቅምት 2024 ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤቱታ ያቀረበው በዚህ የተነሣ ነው። በኮሮና ጊዜ በ2020 ለጊዜው የተፈቀደው አምስት ተቀያሪ በ2022 ቋሚ ሕግ ሆኗል፤ እርሱ ጥቂት ያግዛል፤ ነገር ግን ብዙ ተቀያሪ ያለው ሀብታም ክለብ ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች ተያያዥ ናቸው ያልኩት እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ፣ ቪዲዮው ጨዋታውን ያስረዝመዋል። በኳታር ኅዳር 21 ቀን 2022 እንግሊዝና ኢራን ሲጫወቱ በጉዳትና በቪዲዮ ምርመራ ምክንያት በሁለቱ አጋማሽ የተጨመረው ጊዜ ወደ 27 ደቂቃ ደረሰ። ያ ደቂቃ በማን እግር ነው የሚሮጠው? በሁለተኛ ደረጃ፣ የደከመ ተከላካይ ወደ ኳሷ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ዘግይቶ ሲደርስ ኳሷን ትቶ እግር ይመታል፤ ፍፁም ቅጣት ምት ይሆናል፤ ከዚያም እኛ «ዳኛው በድሎናል» እንላለን። ሦስተኛም ዳኛው ራሱ ሰው ነው። ጥር 12 ቀን 2022 በካሜሩን ሊምቤ ቱኒዚያና ማሊ ሲጫወቱ ዛምቢያዊው ዳኛ ጃኒ ሲካዝዌ በ85ኛው ደቂቃ ጨዋታው አልቋል ብሎ ነፋ፤ ተነግሮት አስቀጠለ፤ ከዚያም 90 ሳይሞላ እንደገና ነፍቶ ጨረሰው። ዓለም ሁሉ ሳቀበት። በኋላ እንደታወቀው ሙቀቱ አናቱ ላይ ወጥቶ ራሱን ሊስት ተቃርቦ ነበር። በዚያ ጨዋታ የቪዲዮ ረዳት ነበር፤ ነገር ግን የደከመን አእምሮ የሚያሳርፍ ካሜራ የለም።

ወደ ቤታችን ስንመጣ

ነስ ጺዮና ትንሽ ከተማ ብትሆንም ኳስ ታውቃለች። ሴክትዚያ ነስ ጺዮና በ2019 ወደ ከፍተኛው ሊግ ወጥቶ በ2020 ወረደ፤ በ2022 እንደገና ወጥቶ በ2023 ተመለሰ። ጎረቤታችን ሬሆቮት ደግሞ የእኛው ሰዎች ያቋቋሙት ቡድን አለ፤ ስሙን እንኳ በአማርኛ «ብኔ ይቻላል» ብለውታል። ባሩክ ዴጎ ለእስራኤል ብሔራዊ ቡድን ሲሰለፍና በ2004 ለማካቢ ቴል አቪቭ በሻምፒዮንስ ሊግ ሲያገባ አይተናል። ኤሊ ዳሳም የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሆኗል። ስለዚህ ልጆቻችን ቢመኙ አይፈረድባቸውም፤ እኛም ብንመኝላቸው ነውር የለውም።

ነገር ግን የልጆቹን ሳምንት ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? አንድ የ13 ዓመት ልጅ በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ ልምምድ ይሄዳል፤ በሳምንቱ መጨረሻ የክለቡ ጨዋታ አለው፤ በመካከሉ ለትምህርት ቤቱ ይሰለፋል፤ ማታ ደግሞ በሰፈር ሜዳ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል። ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው አጥንት ሲያመው «እያደግህ ስለሆነ ነው» እንለዋለን። እውነት ነው፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንትና ጅማት የሚገናኙበት ቦታ ለስላሳ ስለሆነ ሩጫና ዝላይ ሲበዛበት እዚያ ላይ ያብጣል፣ ያማል። ስለዚህም ነው ማረፍ የሚገባው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጆች ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ከተደራጀ ስፖርት እንዲያርፉ፣ በዓመትም ሁለት ወይም ሦስት ወር ከአንዱ ስፖርታቸው እንዲለዩ ይመክራል።

በሳምንት አንድ ቀን! ይህን ምክር እኛ ከሐኪም መስማት ነበረብን? ኦሪት ሰው ብቻ ሳይሆን በሬና አህያም በሰባተኛው ቀን እንዲያርፉ ታዛለች። በጎንደር ገጠር ያደጋችሁ እንደምታውቁት ገበሬ በሬውን ቀኑን ሙሉ አይጠምድም፤ ፀሐይ ሲበረታ ቀንበሩን ፈትቶ ያሳርፈዋል፣ ለነገ ያስፈልገዋልና። እዚህ አገር ብዙው የልጆች ጨዋታ በዓርብና በሰንበት ላይ ስለሚውል፣ ሰንበትን በሚያከብር ቤትና በኳሱ መካከል ያለውን ጭንቀት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዚህ ላይ ሁሉም ቤት የራሱን ውሳኔ ይወስናል፤ እኔ ፈራጅ አይደለሁም። ሰንበትን የማይጠብቅ ቤት እንኳ ቢሆን ግን ለልጁ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ይፈልግለት።

የመጨረሻው ነገር የልጆች ጨዋታ ዳኛ ነው። በልጆች ሜዳ ቪዲዮ የለም፤ ብዙ ጊዜም ፊሽካ የያዘው ራሱ ገና ወጣት ነው። በአንዳንድ ሜዳ ዳር ቆመው የሚሰድቡት አባቶች መሆናቸው ያሳፍራል። ስልክ አውጥቶ ቀርጾ «ይኸው ተሳስተሃል» እያሉ ልጁን ማሳደድ ቫር አይደለም። ልጃችንም አጠገባችን ሆኖ ይሰማል፤ ሲሸነፍ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ሌላ ሰው እንደሆነ ይማራል። በእውነት የተበደልንበትን ቦታ አጥርተን ለመናገር እንድንችል፣ ያልተበደልንበትን መለየት አለብን። ሁሉን በደል የሚል ሰው እውነተኛውን በደል ሲናገር አይሰማም።

እንግዲህ ከዚህ ስብሰባ ይዘን እንድንሄድ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ወላጅ የልጁን የሳምንት ጨዋታና ልምምድ በወረቀት ጽፎ ይቁጠር፤ ከበዛም አሠልጣኙን በአክብሮት ያነጋግር። አሠልጣኙ የትምህርት ቤቱን ጨዋታ አያውቅም፤ የትምህርት ቤቱም መምህር የክለቡን አያውቅም፤ ሁሉንም የሚያውቀው ወላጅ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ሕመም ከአንድ ሳምንት በላይ ከቆየ «ይለፍለታል» አንበል፤ ሐኪም ይየው።

ሦስተኛ፣ በልጆች ሜዳ ዳኛን መስደብ በማኅበራችን አባላት ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠር። የሰደበ ሰው ከጨዋታው በኋላ ሄዶ እጅ ይንሣ።

አራተኛ፣ ከወጣቶቻችን መካከል ለመጫወት ያልተሳካላቸው ወይም የተጎዱ ቢኖሩ ወደ ዳኝነት ትምህርት እናበረታታቸው። ባምላክ ተሰማ በፊሽካው ነው አፍሪካን የዞረው። ከመካከላችን ዳኛ ሲወጣ ሁልጊዜ የሚፈረድብን ብቻ ሳንሆን የምንፈርድም እንሆናለን።

በኳሱ መከራከራችሁን አልከለክልም፤ ከኳስ ክርክር የተለየ ቡና አይጣፍጥም። ብቻ በሚቀጥለው ጊዜ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ዳኛው ወደ ስክሪኑ ሲሮጥ ስታዩ፣ ከመጮኻችሁ በፊት ልጃችሁን «አንተ ብትሆን ምን ትፈርድ ነበር? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙት፤ እርሱ ልክ ሆኖ ካገኛችሁትም «ልክ ነህ ልጄ» በሉት።

 ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን፤ ቸር ይግጠመን።